ተመሳሳይ የባሕር ዓሦችን በዲኤንኤና በአካል ልኬት መለየት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዓሣን ለመለየት ዐይን ይበቃል።»
ጅማ ውስጥ የግልገል ጊቤን ዓሣ የለመደ ሰው ቆሮሶን፣ ቢልጫንና አምባዛን ገና ሲያያቸው ይለያቸዋል፤ ሦስቱ የተለያየ ቤተሰብ አባላት ስለሆኑ ይህ አያስገርምም። በአንድ ጂነስ (የቅርብ ዘመድ ዝርያዎች ስብስብ) ሥር ባሉ የባሕር ዓሦች ላይ ግን የለመደ ዐይንም ይሳሳታል። ሞላ የሚባሉት ዓሦች ከአንድ ቶን በላይ ሊመዝኑ የሚችሉ ግዙፎች ናቸው፤ እንዲያም ሆኖ ከመካከላቸው አንዱ ዝርያ ለረዥም ዘመን ከዘመዶቹ ጋር ሲምታታ ኖሯል። መኖሩን መጀመሪያ የጠቆመው ከቆዳ ናሙና የተነበበ ዲኤንኤ ሲሆን፣ ተመራማሪዎች ዓሣውን ራሱን አግኝተውና አካሉን መርምረው ሞላ ቴክታ ብለው የሰየሙት በ2017 እ.ኤ.አ. ነው።

«ልኬት ማለት ርዝመት መውሰድ ነው።»
ርዝመት ብቻውን ስለ ዓሣው ዕድገት እንጂ ስለ ዝርያው እምብዛም አይናገርም፤ የሚጠቅመው ጥምርታ ነው። ዓሣው በጎኑ ይጋደምና ካሊፐሩ (ባለ ሁለት መንጋጋ መለኪያው) ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ ክንፍ መነሻ ድረስ ይያዛል፤ የጅራት ክንፍ ጫፍ በቀላሉ ስለሚቀደድ በዚህ ልኬት ውስጥ አይገባም። ከዚያ የጭንቅላቱ ርዝመት፣ የዐይኑ ስፋትና የአካሉ ቁመት ተለክተው ከዋናው ርዝመት ጋር ይነጻጸራሉ፤ የጀርባ ክንፍ እሾሆችና የጎን መስመር ቅርፊቶችም አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ጥምርታውም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል፦ የትንሽ ዓሣ ዐይን ከጭንቅላቱ አንጻር ሰፊ ነው፣ ዕንቁላል የያዘች ሴት ሆዷ ይሰፋል፣ ፎርማሊን በሚባለው የናሙና ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ የቆየ ናሙና ደግሞ ይኮማተራል። በመሆኑም መጠናቸው የማይቀራረብ ጥቂት ዓሦችን ለክቶ አዲስ ዝርያ ተገኘ ማለት ከባድ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ።

«ዲኤንኤ ከመጣ በኋላ ልኬት አያስፈልግም።»
ከሁሉም የበለጠ የሚጎዳው አመለካከት ይህ ነው። በካናዳው ጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ፖል ሄበርትና ባልደረቦቹ በ2003 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ዘዴ ሲኦአይ ከሚባለው የማይቶኮንድሪያ (የሴል ኃይል አመንጪ ክፍል) ጂን 650 ያህል የዲኤንኤ ፊደላትን በማንበብ ዝርያን ይለያል፤ ለብዙ የባሕር ዓሦችም በሚገባ ሠርቷል። ነገር ግን የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ የሚወረሰው ከእናት ስለሆነ፣ ዲቃላ ዓሣ በዚህ ንባብ የእናቱን ዝርያ ብቻ መስሎ ይታያል። አንዳንድ የቱና ዝርያዎችም በዚህ ጂን ልዩነታቸው እጅግ ትንሽ ነው። በሱቆቻችን በሚሸጠው የታሸገ ቱና ላይ ችግሩ ይብሳል፤ የሚለካ ራስም ክንፍም የለውም፣ የማሸጊያው ሙቀት ደግሞ ዲኤንኤውን ስለሚቆራርጠው የሚነበቡት አጫጭር ቁራጮች ብቻ ናቸው። ከባሕር ውጭ ቢሆንም የአገራችን ጣና ሐይቅ ጥሩ ማስረጃ ነው፦ በአካል ቅርጻቸው 15 ዝርያዎች ተብለው የተገለጹት የሐይቁ ላቢዮባርበስ ዓሦች በማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ በግልጽ አይለያዩም። እዚያ ልዩነቱን ያሳየው አፍን፣ ራስንና ቁመናን በጥንቃቄ መለካት ነው።

«ከመረጃ ቋት ስም ጋር ከገጠመ አልቋል።»
የተነበበ ዲኤንኤ ከነዝርያው ስም በሚከማችበት የመረጃ ቋት ውስጥ ያለው ስም የናሙናው ሰብሳቢ የሰጠው ስም ነው፤ እርሱ ከተሳሳተ ስሕተቱ ለሌሎችም ይተላለፋል። ስሙን ኋላ ለማረም ዓሣው ራሱ ተጠብቆ መቆየት አለበት። ፎርማሊን ዲኤንኤን ስለሚያበላሽ ግን፣ ዓሣው ፎርማሊን ከመንካቱ በፊት ከክንፉ ትንሽ ቁራጭ ተቆርጣ በኤታኖል ውስጥ ትቀመጣለች፤ ብልቃጧም ዓሣው ላይ የታሰረው ቁጥር ይጻፍባታል።