የሌለ ካርድ፣ የሚሠራ ድራይቨር፦ ሃርድዌር ኢሙሌሽን ከጅማ ሲታይ

ጅማ ላይ ኮምፒውተር የሚማር ልጅ ሊኑክስን ለመሞከር ላፕቶፑን ፎርማት ማድረግ የለበትም። ዊንዶውሱ እንዳለ ይቀመጣል፣ በላዩ ቨርቹዋልቦክስ ይጫናል (በኮምፒውተሩ ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን የተባለ ሌላ ኮምፒውተር በሶፍትዌር የሚፈጥር ፕሮግራም ነው)፣ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ከጓደኛ በፍላሽ ይመጣል። ኡቡንቱ ሲነሳ ኔትወርክ ካርድ፣ ዲስክና ስክሪን አግኝቶ ሥራ ይጀምራል። የሚያየው ካርድ ግን በአካል የለም፤ በሶፍትዌር የተሠራ ነው። ይህ ሃርድዌር ኢሙሌሽን ይባላል።

የሚመሰለው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ኩባንያ የታወቀ ሞዴል ነው። ድራይቨር፣ ማለትም ሲስተሙ ዕቃውን የሚያዝበት ፕሮግራም፣ የሚጻፈው ለኢንቴል፣ ለኤኤምዲ ወይም ለሪልቴክ አንድ የተወሰነ ቺፕ ስለሆነ ቨርቹዋል ማሽኑ ያንኑ ቺፕ ከነአመሉ መምሰል አለበት። ቨርቹዋልቦክስና ኪውኢሙ የተባለው ሌላ ተመሳሳይ ፕሮግራም ሁለቱም የሚመስሉትን ኢንቴል 82540ኢኤም የተባለ ኔትወርክ ካርድ እንውሰድ። ሲስተሙ ሲነሳ ካርዱን አምራችህ ማነው ብሎ ይጠይቃል። መልሱ 8086 ነው፤ የኢንቴል መለያ ቁጥር ይኸው ነው፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰርም ስሙ ይኸው ነበር። ሲስተሙ ይህን አይቶ የኢንቴልን ድራይቨር ይጭናል።

ድራይቨሩ ዳታ መላክ ሲፈልግ ዳታው ሜሞሪ ላይ የት እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ በአንድ ሰንጠረዥ ይጽፋል። ከዚያ በካርዱ አድራሻዎች ውስጥ በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት ቁጥር) 3818 የሆነችው ሪጅስተር፣ ማለትም ትእዛዝ መቀበያ ቦታ፣ ላይ አንድ ቁጥር ያስቀምጣል። እውነተኛው ካርድ ቢሆን ኖሮ ሰርኪቱ ወዲያው ይነቃ ነበር። በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ያ አድራሻ ሆን ተብሎ ባዶ ተደርጓል። ፕሮሰሰሩ እዚያ ሲደርስ የእንግዳውን፣ ማለትም በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ያለውን፣ ሲስተም ያቆምና ነገሩን ካርዱን ለሚመስለው ሶፍትዌር፣ ለኢሙሌተሩ፣ ያስረክባል። ኢሙሌተሩ ሰንጠረዡን ያነባል፣ ዳታውን በላፕቶፑ ዋይፋይ ይልካል፣ "ተልኳል" የሚል ምልክት ያደርጋል፣ ኢንተራፕት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን የሚጠራ ምልክት፣ ይሰጣል። ድራይቨሩ ልዩነቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እኔ ይሄን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

ይህ ካርድ በየቦታው እንዲገኝ ከረዱት ነገሮች አንዱ ኢንቴል ማኑዋሉን (የአሠራር መግለጫውን) በይፋ ማውጣቱ ነው። የእያንዳንዱ ሪጅስተር ሥራ ተጽፏል። ማኑዋሉ የተዘጋ ዕቃ ሲሆን ግን ጣጣው ይበዛል፦ የሊኑክስ ድራይቨር ካለ ከኮዱ መማር፣ ከሌለም በዕቃውና በኮምፒውተሩ መካከል የሚመላለሰውን ዳታ እየቀዱ መገመት ነው። ዘመናዊ ጂፒዩን (የምስል ፕሮሰሰርን) ሙሉ በሙሉ መምሰልማ የማይታሰብ ያህል ነው። ኪውኢሙ ለረጅም ጊዜ ያቀረበው የሲረስ ሎጂክ ኩባንያን የ1990ዎቹ የስክሪን ካርድ ነው። አንድ ልዩ ነገር ደግሞ አለ፦ ቪኤምዌር የተባለው የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ኩባንያ ለራሱ የፈጠረው፣ በአካል ተሠርቶ የማያውቅ የስክሪን ካርድ አለ። ዛሬ ቨርቹዋልቦክስም ኪውኢሙም እሱን ይመስላሉ።

ጅማ የዩኒቨርሲቲ፣ የሆስፒታልና የቡና ምርምር ከተማ ስለሆነች ጉዳዩ ከተማሪ ላፕቶፕ ያልፋል። የላብራቶሪ መሣሪያ አብሮት ከተገዛው ኮምፒውተር በላይ ዕድሜ አለው። መሣሪያው ደህና ሆኖ ሳለ ሶፍትዌሩ ከአሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒ ውጭ አልሠራም የሚልበት ጊዜ አለ። መሣሪያው በሲሪያል (በድሮው ቀላል የዳታ ማስተላለፊያ) ገመድ የሚገናኝ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ ሲሪያል ፖርት በደንብ የታወቀ ስለሆነ ኤክስፒውን ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አስገብቶ ፖርቱን ማገናኘት ይቻላል። በዩኤስቢ የሚሰካ የፈቃድ ዶንግል (ሶፍትዌሩ ያለ እሱ የማይከፈት ቁልፍ) ካለውም ዶንግሉን እንዳለ ለእንግዳው ሲስተም ማሳለፍ ይቻላል። ዶንግሉን በሶፍትዌር መቅዳት ግን ፈቃዱን የሚጥስ ሥራ ሊሆን ይችላል። ከባዱ አምራቹ ለዚያ መሣሪያ ብቻ የሠራው ካርድ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲኖር ነው። ማኑዋል ከሌለ የሚመስለው የለም፤ አሮጌውን ኮምፒውተር መንከባከብ ይሻላል።

ኢሙሌሽን የሚያስከፍለው ሌላው ነገር ፍጥነት ነው። ሪጅስተር በተነካ ቁጥር ሲስተሙ ይቆማል፣ አቅመ ደካማ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ይህ ይሰማል። ቪርቲዮ የተባለው፣ ማንኛውንም እውነተኛ ካርድ የማይመስል የዕቃ ዓይነት የመጣው ለዚህ ነው። ከጅምሩ ለቨርቹዋል ማሽን ተብሎ ስለተነደፈ ብዙ ሥራ በአንዴ ይረከባል። ሊኑክስ ድራይቨሩን ይዞ ይመጣል፤ ለዊንዶውስ ግን ለብቻው መጫን አለበት።

የደህንነት ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ቬነም የተባለ ቀዳዳ ኪውኢሙ ውስጥ ተገኘ። ቀዳዳው የነበረው ማንም በማይጠቀምበት የፍሎፒ መቆጣጠሪያ ኮድ ውስጥ ነው፤ ከእንግዳው ሲስተም ወጥቶ ዋናውን ማሽን ለመያዝ በር ይከፍት ነበር።

ኢንተርኔት እምቢ ያለው ተማሪ ገመድ ከመነቃቀል በፊት የቨርቹዋልቦክስን የኔትወርክ ሴቲንግ ከፍቶ የካርዱን ዓይነት ይይ። ኤክስፒ ከሆነ የጫነው ፒሲኔት (የኤኤምዲ ካርድ) ወይም ኢንቴል ፕሮ 1000 ቲ ሰርቨር የሚለውን ይምረጥ። ዊንዶውስ ቪስታና ከዚያ በኋላ የመጡት ዊንዶውሶች ግን ፒሲኔትን አያውቁትም፤ ለእነሱ የሚሆነው ኢንቴል ፕሮ 1000 ኤምቲ ዴስክቶፕ፣ ማለትም ከላይ ያየነው 82540ኢኤም፣ ነው።