ሰርተፍኬቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አመሉስ?

የሦስት ቀን የአመራር ስልጠና ጨርሰን ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገባን። ከመሀላችን አንዱ የቡድን መሪ ነው፤ የተማረውን ለመሞከር ቸኩሏል። የሳምንቱን ስብሰባ ከፈተና «ዛሬ ከሪፖርቱ በፊት ባለፈው ሳምንት የቱ ላይ እንደተሳሳትን እናውራ፤ ከራሴ ልጀምር» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጥግ ላይ የተቀመጡት የመምሪያው ኃላፊ ዓይናቸውን ከስልካቸው ሳያነሱ «ስልጠናው እኮ ዓርብ አልቋል። ወደ ሪፖርቱ እንግባ» አሉ። ሳቅን። እሱም አብሮን ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ጥያቄ ከአፉ ሰምቼው አላውቅም።

የሦስት ቀን ልፋት በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተበላ።

በሰልጣኝነትም በአሰልጣኝነትም እንዲህ ባሉ ክፍሎች ብዙ ጊዜ አሳልፌያለሁ። በደረቀ ማርከር ፍሊፕ ቻርት ላይ ለመጻፍ ታግያለሁ፤ ከምሳ በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜም የኋላ ወንበር ላይ አንቀላፍቻለሁ። ስልጠና ከንቱ ነው ልላችሁ አልመጣሁም። ግን ስለ ስልጠና የምናምናቸው አንዳንድ ነገሮች ስልጠናውን ራሱን ገደል እየከተቱት ነው።

«አሰልጣኙ ጎበዝ ከሆነ ሰው ይለወጣል»

ዋናው ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ስልጠና ሲከሽፍ መጀመሪያ የሚወቀሰው አሰልጣኙ ነው። ቀጥሎ ሰልጣኙ፤ «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» ይባልበታል። ባልድዊን እና ፎርድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች 1988 ላይ፣ በስልጠና የተገኘ ነገር እንዴት ወደ ሥራ እንደሚሻገር የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ፈተሹ። ጉዳዩን በሦስት ከፈሉት፦ ሰልጣኙ ራሱ፣ የስልጠናው አዘገጃጀት፣ እና ሰልጣኙ ተመልሶ የሚገባበት የሥራ ቦታ።

ሦስተኛውን ማንም በጀት ውስጥ አያስገባውም። የሥራ ቦታ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አለቃው «እስቲ ምን ተማርክ?» ብሎ ይጠይቃል ወይ? አዲሱን ነገር የሚሞክርበት አጋጣሚ በዚያው ሳምንት ያገኛል ወይ? ሲሞክር ቢንተባተብ ይታገሱታል ወይስ ይስቁበታል? እኛ ስቀንበታል። እኔም ጭምር።

የመርሳት ነገርም አለ። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች ራሱ እየሸመደደ፣ ምን ያህሉ ከአእምሮው እንደሚጠፋ ለክቶ ውጤቱን በ1885 አሳተመ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከግማሽ በላይ፣ በማግስቱ ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ጠፍቶበት ነበር። ትርጉም ያለው ነገር እንዲህ በፍጥነት አይጠፋም፤ ስለዚህ ያንን ቁጥር አንስቶ «ሰልጣኞች በአንድ ቀን ይህን ያህል ይረሳሉ» ማለት ስህተት ነው። የመርሳቱ አካሄድ ግን ያው ነው፦ መጀመሪያ ቶሎ፣ በኋላ ቀስ እያለ። መሀል መሀል ላይ ከተከለሰ ደግሞ መርሳቱ ይዘገያል።

እንግዲህ አስቡት። በቀን ስድስት ሰዓት ሦስት ቀን ብናሰለጥን 18 ሰዓት ነው። ያው 18 ሰዓት በሳምንት ሁለት ሁለት ሰዓት ቢከፋፈል ዘጠኝ ሳምንት ይሄዳል፤ በየሳምንቱ መሀል ደግሞ የሚሞከርበት የሥራ ቀን አለ። ብዙ ቦታ ይሄ የማይደረገው ለምን እንደሆነ ጠይቄ አውቃለሁ። ሰውን አንዴ ከሥራ አስወጥቶ መገላገል ይቀላል ተባልኩ።

«መሪነት በተፈጥሮ ነው»

በከፊል። መንትዮችን አጥንቶ በ2006 የታተመ አንድ ሥራ፣ የመሪነት ቦታ በመያዝ ረገድ በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት 30 በመቶ ያህሉን ከዘር ውርስ ጋር አያይዞታል። የቀረው ትልቁ ድርሻ ሰው በየግሉ የሚገጥመው አጋጣሚና ልምድ ነው። ደግሞም ቦታ መያዝና በደንብ መምራት ለየቅል ናቸው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ መምራት ቢችል ኖሮ ይሄን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

«ጎበዝ ሠራተኛ ጎበዝ አለቃ ይወጣዋል»

በሽያጭ ሠራተኞች ላይ ተሠርቶ በ2019 የታተመ ጥናት አለ። ብዙ የሚሸጡት የመሾም ዕድላቸው ሰፊ ነው። ከተሾሙ በኋላ ግን እነሱ የሚመሯቸው ሰዎች ሽያጭ ወደ ታች ይላል። ቢሮ ውስጥ ይህን ለማየት ጥናት አያስፈልግም። አዲሱ የክፍል ኃላፊ አንድ ወጣት ሠራተኛ አጠገብ ይቆማል። ልጁ ሰንጠረዡን እየሠራ ነው፤ አንድ ቀመር ተበላሽቶበታል። ኃላፊው አሥር ሰከንድ ያህል ይታገሳል። ከዚያ «ዞር በል እስቲ፣ እኔ ላስተካክለው» ይልና ማውሱን ይይዛል። ሰንጠረዡ በሁለት ደቂቃ ይስተካከላል። ልጁ ግን ምንም አልተማረም፤ በሚቀጥለው ጊዜም ሲበላሽበት ሳይነካው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ብዙ ሰው የአመራር ስልጠና የሚላከው ይሄ ልማድ ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። ከሹመቱ በፊት ቢሆን ደግ ነበር።

«ፈተናው ማንነቴን ነገረኝ»

የባህርይ መጠይቅ ሞልቶ፣ ማንነቱን የሚገልጹ አራት ፊደላት አግኝቶ የተመለሰ ሰው ባልደረባችሁ ከሆነ የማወራውን ታውቁታላችሁ። «እኔ ኢንትሮቨርት (ጭምት) ነኝ፤ ስብሰባ ላይ አታናግሩኝ» ይላል። በሥራ ቦታ ስልጠናዎች ላይ በጣም የተለመደው የባህርይ መለያ መጠይቅ ማየርስ ብሪግስ ነው። ያዘጋጁት እናትና ልጅ ናቸው፤ ካትሪን ብሪግስ እና ኢዛቤል ማየርስ። መነሻቸው የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ካርል ዩንግ በ1921 ያሳተመው ሥራ ሲሆን፣ ሁለቱም በሳይኮሎጂ የሠለጠኑ አልነበሩም። ይሄ ብቻውን ሥራቸውን ዋጋ አያሳጣውም። ችግሩ ሰውን በ16 ሳጥን መክፈሉ ላይ ነው።

ሰዎችን በቁመት «ረጅም» እና «አጭር» ብላችሁ ለሁለት ክፈሉ። ብዙው ሰው መሀል ላይ ነው። ከመስመሩ ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለት ሰዎች በአንድ ጣት ነው የሚበላለጡት፤ አንዱ ግን «ረጅም» ሌላው «አጭር» ተብሏል። ባህርይም እንደዚያው ነው። ያው ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፈተናውን ሲደግመው ሌላ ፊደል የሚያገኘው በአብዛኛው ለዚህ ነው። መጠይቁን የሚሸጠው ድርጅት ራሱ ሰው ለመቅጠሪያ እንዳትጠቀሙበት ይላል።

ለወሬ መክፈቻ ይሆናል፤ አልክድም። ሁለት የማይግባቡ ባልደረቦች በዚያ ሰበብ «አንተ ቀድመህ እቅድ ካላየህ ትጨነቃለህ እንዴ?» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ለዚያ ለዚያ ጥያቄውን በቀጥታ መጠየቅም ይቻል ነበር።

«ስላይዱ ላይ ቁጥር ካለ ጥናት አለው ማለት ነው»

ይሄ የእኛ የአሰልጣኞች ጥፋት ነው። ሦስት ቁጥሮች ከስላይድ ስላይድ እየተቀዱ ይኖራሉ።

አንዱ «ከመልእክታችን 7 በመቶው ብቻ ነው ቃል፤ 38 በመቶው ድምፀት፣ 55 በመቶው የፊት ገጽታ» የሚለው ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት መህራቢያን 1967 ላይ ያጠናው ሰው ስሜቱን ሲገልጽ ቃሉ አንድ ነገር፣ ድምፁና ፊቱ ሌላ ነገር ሲሉ የቱን እንደምናምን ነው። ሙከራዎቹ በነጠላ ቃላት የተሠሩ ነበሩ። ራሱ መህራቢያንም ቁጥሩ ለማንኛውም ንግግር አይሠራም ብሏል። ለነገሩ ቃል 7 በመቶ ብቻ ቢሆን፣ በማናውቀው ቋንቋ የተነገረ የሥራ መመሪያ 93 በመቶው ይገባን ነበር።

ሁለተኛው «ካነበብነው 10 በመቶ፣ ከሰማነው 20 በመቶ እናስታውሳለን» እያለ የሚወጣው ፒራሚድ ነው። ምንጩ ነው የሚባለው የትምህርት ባለሙያው ኤድጋር ዴል በ1946 ያሳተመው ሾጣጣ ሥዕል ነው፤ እዚያ ላይ ግን አንድም መቶኛ የለም። ቁጥሮቹን ሌሎች ናቸው በኋላ የለጠፉበት።

ሦስተኛው «ልማድ በ21 ቀን ይያዛል» የሚለው ነው። ማክስዌል ማልትዝ የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚወስድባቸው ማስተዋሉን በ1960 ጻፈ። «ቢያንስ» የምትለዋ ቃል በመንገድ ላይ ወደቀች። ለንደን ውስጥ 96 ሰዎችን ተከታትሎ በ2010 የታተመ ጥናት ደግሞ አዲስ ልማድ ሳይታሰብ የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ አገኘ። ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ለሥራ ቡድን ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በሦስተኛው ሳምንት «አልሆነልኝም» ብሎ የተወው ሰው ምናልባት መንገዱን ገና አላጋመሰም ነበር።

«አስተያየት መስጠት ሁሌም ይጠቅማል»

በአማካይ ይጠቅማል። ግን ክሉገር እና ዴኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1996 ከ600 በላይ ንጽጽሮችን አንድ ላይ አድርገው ሲያዩ፣ ከሦስቱ ከአንድ በላይ በሚሆኑት ላይ ከአስተያየቱ በኋላ ሥራው ብሶበት አገኙት። የሰጡት ማብራሪያ ይገባኛል፦ አስተያየቱ ከሥራው ወጥቶ ወደ ሰውየው ማንነት ባዘነበለ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። «ግዴለሽ ነህ» ሲባል ሰው ራሱን መከላከል ይጀምራል። «ትናንት የላክሃት ደብዳቤ ላይ ቀኑ ተሳስቷል» ሲባል ቀኑን ያስተካክላል።

ተቃራኒውም አለ፤ ሾላ በድፍን። «በአጠቃላይ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ይሻሻል።» ምኑ ይሻሻል?

«ጥሩ ቡድን አይሳሳትም»

ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ በሆስፒታል ቡድኖች ላይ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና ጥሩ ቡድኖች ትንሽ ስህተት እንደሚኖራቸው ጠብቃ ነበር። መረጃው ግልባጩን አሳያት፤ በደንብ ተግባብተው የሚሠሩት ቡድኖች የስህተት ቁጥራቸው ይበልጥ ነበር። ግራ ገባት። ነገሩን ስታጠራው እነዚህ ቡድኖች ይበልጥ ስለተሳሳቱ ላይሆን ይችላል፤ ስህተታቸውን አውጥተው ስለሚናገሩ ነው። በሌሎቹ ክፍሎች ስህተቱ «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ ታልፏል። በ1999 ባወጣችው ሥራ ደግሞ ይህን ሳይፈሩ መናገር የሚቻልበትን ሁኔታ ሥነ ልቦናዊ ደህንነት ብላ፣ ከቡድን መማር ጋር እንደሚያያዝ አሳየች። ጉግልም ከ2012 ጀምሮ 180 ያህል ቡድኖቹን ሲመረምር ከሁሉ በላይ ጎልቶ የወጣው ይኸው ነገር ነበር።

አሁን ወደዚያ ሰኞ ልመልሳችሁ። የቡድን መሪው «ከራሴ ልጀምር» ያለው ይህንኑ ለመገንባት ነበር። አለቃው ክፉ ሰው አልነበሩም። ሪፖርቱ ያሳሰባቸው ይመስለኛል። ግን ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበርን ሰዎች አንድ ነገር ተምረን ወጣን፤ እዚህ ቤት ስህተት አይወራም። ይሄን ደግሞ ስልጠና ላይ በሚደረጉ ጨዋታዎች፣ ገመድ በመጎተት ወይም ዓይን ተሸፍኖ ባልደረባ እጅ ላይ ወደ ኋላ በመውደቅ አትመልሱትም። ጨዋታው ያዝናናል፤ እኔም እወደዋለሁ። ዓርብ እጁን ዘርግቶ የተቀበለህ ሰው ግን ሰኞ ስትሳሳት ካዋረደህ የምታስታውሰው ሰኞን ነው።

«ሰልጣኞቹ 5 ከ5 ሰጥተውናል»

ዶናልድ ኪርክፓትሪክ ከ1959 ጀምሮ ስልጠና በአራት ደረጃ እንዲለካ ጻፈ፦ ወደዱት ወይ፣ ተማሩ ወይ፣ ሥራ ላይ አደራረጋቸው ተለወጠ ወይ፣ ድርጅቱስ ምን አገኘ። በመጨረሻው ቀን አመሻሽ ላይ፣ ሰው ቦርሳውን አንግቶ በቁሙ የሚሞላት ፎርም የምትለካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የእኔን ሁሌ ጥሩ ነጥብ ነው የሚሰጡኝ፤ ቀልድ ስለማበዛ ይመስለኛል። ሦስተኛውን ደረጃ ለማወቅ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ መሄድና ሰውየውን ሳይሆን አብረውት የሚሠሩትን መጠየቅ ያስፈልጋል። እዚያ ድረስ የጠራኝ ድርጅት በጣት የሚቆጠር ነው።

አሁን አሰልጥንልን ሲሉኝ ሰልጣኞቹን ከማየቴ በፊት አለቃቸው ግማሽ ሰዓት እንዲሰጡኝ እለምናለሁ። የምጠይቃቸው ሦስት ነገር ነው። ከስልጠናው በኋላ ሠራተኞችዎ ምን ሲያደርጉ ማየት ይፈልጋሉ? ያንን ሲሞክሩ ምን ይሏቸዋል? የመጀመሪያው ሰኞ ስብሰባ ላይ ይገኛሉ? አብዛኞቹ ደስ ብሏቸው ይቀበሉኛል። አንዱ ግን በራቸው ላይ ሃያ ደቂቃ ካስጠበቁኝ በኋላ፣ ለጸሐፊያቸው «ስልጠናው ለሠራተኞቹ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም፤ ንገሪው» ሲሉ ድምፃቸው እስከ ኮሪደሩ ተሰማ።