ፖሊፎኒ ምንድን ነው?

በሰርግ ቤት አውጪው ግጥሙን ያወጣል፤ የቀረው ሰው እያጨበጨበ ይቀበላል። ተቀባዩ አሥር ይሁን መቶ፣ ወንዱ በወፍራም ሴቷ በቀጭን ድምፅ ትበለው፣ ዜማው ያው አንዱ ነው። ፖሊፎኒ የሚባለው ግን ሌላ ነገር ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣና «ብዙ ድምፅ» ማለት ቢሆንም፣ የሚቆጠረው የዘፋኙ ብዛት ሳይሆን የዜማው ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ዜማዎች፣ አንዱ ሌላውን ሳይከተል፣ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ እየሄደ አብረው ሲሰሙ ፖሊፎኒ ይባላል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ሊሠሩት ይችላሉ፤ ሺህ ሰው ተሰብስቦም ላይኖር ይችላል።

ብዙ ጊዜ ከሃርመኒ ጋር ይምታታል። ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴኖርና ቤዝ ተብሎ የተከፈለ የመዘምራን ቡድን በአብዛኛው የሚያሰማው ሃርመኒ ነው፤ አንዱ ዜማውን ይመራል፣ ሌሎቹ በዚያው ቃልና በዚያው ምት ከላይና ከታች ያጅቡታል። በፖሊፎኒ ግን አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይነሣል፤ አንዱ ረጅሙን ሲስብ ሌላው አጫጭር ቃላት ይጥላል፤ አጃቢ የሚባል የለም።

ይህንን ለብዙ አድማጭ ካሰሙት አንዱ ዛፕ ማማ ነው። ቡድኑን የመሠረተችው ማሪ ዶልን እ.ኤ.አ. በ1964 በዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ ሰሜን ምሥራቅ በኢሲሮ ከተማ ተወለደች። አባቷ ቤልጂየማዊ ነበር፤ በዚያው ዘመን በተነሣው የሲምባ አመፅ ተገደለ። ኮንጎያዊት እናቷ ሸሽታ በጫካው ነዋሪዎች ዘንድ ተጠለለች፤ ኋላም ቤተሰቡ ወደ ቤልጂየም ሄደ። ማሪ ያደገችው በአውሮፓ ዘፈንና በእናቷ የኮንጎ ዜማዎች መካከል ነው። ካደገች በኋላ የጫካውን ሰዎች ዘፈን ከሥሩ ለመማር ወደ ኮንጎ ተመለሰች፤ ከዚያም በብራስልስ የተለያየ የዘር ሐረግ ያላቸውን ሴቶች አሰባስባ አምስት ሆነው ዘፈኑ፤ ከእነርሱ አንዷ ካሜሩናዊቷ ሳሊ ኒዮሎ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ከሞላ ጎደል ያለ ሙዚቃ መሣሪያ የተሠራ ነው፤ ከበሮውንም ክራሩንም የሚተካው ጉሮሮ፣ ምላስና ትንፋሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ እንደገና ሲታተም «አፍሮፒያ» የሚል ቃል በርዕሱ ገባበት፤ አፍሪካንና አውሮፓን በአንድ ያሰረ ስም ነው።

እንደ እኔ አስተያየት ግን ይህን ቡድን «ቅልቅል» ብሎ ማለፍ ያሳንሰዋል። የአንድን አገር ዘፈን ወስዶ የሌላ አገር ቅመም መነስነስ ቀላል ነው። እነርሱ ከጫካው የወሰዱት ከዘፈኑ ይልቅ አሠራሩን ነው፤ በዚያ አሠራር ላይ የየትኛውም አገር ዜማ ሊጫን ይችላል።

አሠራሩን ለማየት ወደ አካ ሕዝብ ዘንድ መሄድ ይበጃል። አካዎች በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ደቡብና በኮንጎ ሪፐብሊክ ሰሜን የሚኖሩ የጫካ አዳኞች ናቸው። («ፒግሚ» የሚለው ስም ከውጭ የተሰጣቸው ነው፤ ብዙዎቹም አይወዱትም።) ዝማሬያቸው አራት ድምፆች አሉት፤ አራቱም ስም አላቸው። ሞታንጎሌ መሪው ነው፤ ዋናውን ቃል የያዘ። ንጉዌ ዋ ሌምቦ «የዘፈን እናት» ማለት ነው። ኦሴሴ ከሥር ይሄዳል። ዲዬይ ደግሞ ከደረት ወደ ቀጭን የራስ ድምፅ ይዘላል፤ ዮድል የሚባለው ነው። ዘፈኑ ተመላላሽ ነው፤ ዘፋኙ በያንዳንዱ ዙር ድርሻውን ትንሽ ይለውጣል፣ ድንገትም ወደ ሌላው ድምፅ ይሻገራል። ዩኔስኮ ይህንን ዝማሬ እ.ኤ.አ. በ2003 በታላቅ ቅርስነት አውጆ በ2008 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

ታዲያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲዘፍን ማን ምን እንደሚል እንዴት ይታወቃል? የሙዚቃ አጥኚው ሲምሃ አሮም መላ አገኘለት፤ መጀመሪያ ሁሉንም አንድ ላይ ቀረጸ፣ ከዚያ ቅጂውን በጆሮ ማዳመጫ ለአንድ ዘፋኝ እያሰማ የእርሱን ድርሻ ለብቻው በሌላ ትራክ ላይ ቀረጸ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ዘፋኙ የሌሎቹን እየሰማ ነው የራሱን የሚያገኘው።

በዚያው አካባቢ ሂንዴዉሁ የሚባል ፊሽካ አለ። ከፓፓያ ቅጠል አገዳ ይቆረጣል፤ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ተጫዋቹ አንዴ ይነፋል፣ አንዴ በራሱ ድምፅ ይዘፍናል፣ እያፈራረቀ በፍጥነት ሲሄድ ሁለት ሰው የሚጫወት ይመስላል። የሄርቢ ሃንኮክ የጃዝ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1973 ይህንኑ በቢራ ጠርሙስ አስመስሎ ተጫውቶታል።

በእኛም አገር ፖሊፎኒ እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ ዜማም የአዝማሪው ዘፈንም በአንድ ዜማ የሚሄድ ስለሆነ «የኢትዮጵያ ዜማ ነጠላ ነው» ማለት ተለምዷል። ይሁንና ከአርባ ምንጭ በላይ በጨንቻ ተራሮች የሚኖሩት ዶርዜዎች በብዙ ድምፅ ዝማሬያቸው በአጥኚዎች ዘንድ ከታወቁ ቆይተዋል፤ ዶርዜን በሸማው ብቻ የሚያውቅ ሰው ግማሹን ነው የሚያውቀው።

ጆሮው ያልለመደ ሰው ሁሉንም ድምፅ በአንድ ጊዜ ለመያዝ ሲሞክር ጫጫታ ይሆንበታል። አንዱን ድምፅ፣ ለምሳሌ ዝቅተኛውን፣ መርጦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መከተል፣ ከዚያ ዘፈኑን መልሶ ከፍቶ ሌላውን መከተል ይሻላል። በሦስተኛው ላይ ሁለቱ በየት በኩል እንደሚገናኙ ጆሮ ራሱ መጠበቅ ይጀምራል።