ኩባንያ የራሱን አክሲዮን ሲገዛ

«ኩባንያ እንዴት የራሱን አክሲዮን መልሶ ይገዛል?» ለምትሉ፣ በባሕር ዳር ምሳሌ ላስረዳ።

10 ጓደኛሞች ጣና ላይ ወደ ዘጌ ሰው የምታመላልስ የጋራ ጀልባ አላቸው እንበል። የዓመት ትርፏ 100,000 ብር ነው፤ ለእያንዳንዱ 10,000 ይደርሰዋል። ሥራ አስኪያጁ ለሞተር ጥገና በተቀመጠው ገንዘብ የ2ቱን ድርሻ ገዝቶ ሰረዘው። በዓመቱ ትርፉ ያው 100,000 ነው፤ ለ8 ሲካፈል ግን 12,500 ሆነ። አንድ ተሳፋሪ እንኳ አልተጨመረም። ሞተሩም ያው አሮጌው ነው። የሥራ አስኪያጁ ቦነስ የሚሰላው ለእያንዳንዱ በሚደርሰው ትርፍ ከሆነ፣ ሰውዬው ቦነሱን ይዞ ይሄዳል፤ ሞተሩ የሚቆመው በተተኪው ዘመን ነው።

አሠራሩ ሁሌም ክፉ አይደለም። ገንዘብ የተረፈው ኩባንያ ቢያደርገው ምንም አይደል። የአውሮፕላን ሠሪው የቦይንግ ግን ያሳዝነኛል። በዋና ሥራ አስኪያጁ በጄምስ ማክነርኒ ዘመን የተጧጧፈው ግዢ በተተኪው በዴኒስ ሙይለንበርግም ቀጠለ። እንደ ፈረንጆቹ ከ2013 እስከ 2019 ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጣበት። 737 ማክስ የተባለው አውሮፕላኑ የደረሱበት 2 አደጋዎች 346 ሰው ቀጠፉ፤ 157ቱ ከአዲስ አበባ በተነሣው በረራ ላይ ነበሩ። መንስኤው ግዢው ነው ማለቴ አይደለም። ግን ያ ሁሉ ገንዘብ ለምህንድስና ሊውል ይችል ነበር። በ2020 ሙይለንበርግን የተካው ዴቪድ ካልሁን የተረከበው ከባድ ዕዳና መሬት ላይ የቆሙ ማክሶችን ነው።