ዎርኪንግ ሜሞሪ ትኩረታችንን እንዴት እንደሚመራ

ዎርኪንግ ሜሞሪ የሚባለው አሁን ለያዝነው ሥራ የሚያስፈልገንን ነገር ለጥቂት ሰከንድ በአእምሮ ይዞ ማቆየት ነው፣ የተነገረህን ስልክ ቁጥር እስክትደውል ድረስ በልብህ እየደጋገምክ እንደምትይዘው። ትኩረት ደግሞ ፊታችን ካለው ብዙ ነገር መሀል አንዱን መርጦ ሌላውን ማለፍ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ነው የሚወራላቸው፣ ስለ ማስታወስ ሲነሳም ወሬው እንዴት እንዳንረሳ ነው እንጂ ያልረሳነው ነገር ዓይናችንን ወዴት እንደሚጎትተው አይደለም። እዚህ የተሰበሰበው ስለዚህኛው ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)።

የድሮውን ባጭሩ፦ በ1956 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ሚለር ሰው ባንዴ የሚይዘው ሰባት አካባቢ ነው አለ፣ በ1974 አለን ባድሊና ግሬም ሂች የድምፅና የእይታ ክፍል፣ በላያቸውም ሥራ የሚያከፋፍል አለቃ ያለው ሥርዓት አድርገው አቀረቡት፣ በ1997 ደግሞ ስቲቨን ላክና ኤድዋርድ ቮግል በዓይን ለምናየው ነገር ቁጥሩን ወደ አራት ገደማ አወረዱት።

ለኛ ጉዳይ መነሻው ግን 1995 ነው። ሮበርት ዴሲሞንና ጆን ደንከን ያሉት፣ ዓይናችን ሥር ያሉት ነገሮች ሁሉ አንጎል ውስጥ እርስ በርስ ይሻማሉ፣ በአእምሮ የያዝነው ነገር ደግሞ ለሚመስለው ያደላለታል። ቀይ ቦርሳ እየፈለግክ ከሆነ ቀይ ጃኬቱም ቀይ ወንበሩም ዓይንህን ይይዘዋል ማለት ነው። እስከዚህ ማንም አይጣላም፣ የምትፈልገው ነገር ነዋ። ጥያቄው፣ ዝም ብለህ የያዝከው፣ ለፍለጋው ምንም የማይጠቅምህ ነገርስ ይጎትትሃል ወይ ነው።

ለዚህ በጣም ያማረው መልስ የመጣው በ2005 በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ከነበሩት ከዴቪድ ሶቶ፣ ከግሊን ሃምፍሪስና ከባልደረቦቻቸው ነው (ፖል ዳውኒንግ በ2000 የሰው ፊት ፎቶዎችን ተጠቅሞ ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል)። ሙከራው እንዲህ ነው፦ ስክሪኑ ላይ አንድ ባለቀለም ቅርጽ፣ ለምሳሌ አረንጓዴ ክብ፣ ብልጭ ይልና ይጠፋል፣ ሰውየው እሱን መያዝ አለበት፣ በኋላ ይጠየቃል። ቀጥሎ ብዙ ቅርጾች ይመጣሉ፣ እያንዳንዱ ውስጥ መስመር አለ፣ ሥራው ዘመም ያለውን መስመር ፈልጎ ወደየት እንደዘመመ በበተን መመለስ ነው። አረንጓዴው ክብ ለዚህ ሥራ ምንም አይረዳም። ግን መስመሩ አረንጓዴው ክብ ውስጥ ከሆነ መልሱ ይፈጥናል፣ ክቡ ሌላ ቦታ ካለ ይዘገያል፣ ሌላው ቀርቶ ዒላማው (የሚፈለገው መስመር) በያዙት ቅርጽ ውስጥ በጭራሽ እንደማይገኝ ሲታወቅም ይጎትታል፣ የመጀመሪያዋ የዓይን እንቅስቃሴ እንኳን ወደሱ ታዘነብላለች። አይቶት ነው እንዳይባል ደግሞ ቅርጹን አይተው እንዲይዙት ያልተጠየቁት ላይ ይሄ አልታየም። ይህን ሁሉ ያወጡት በስክሪን፣ በበተንና በዓይን መከታተያ ብቻ ነው፣ ውድ ስካነር ሳይነካ፣ ይሄ ሊጠቀስላቸው ይገባል።

ተቃውሞም አለ። ጄፍሪ ዉድማንና ላክ በ2007 ሰዎች የያዙት ቀለም ዒላማው እንዳልሆነ ሲያውቁ ጭራሽ ሊያልፉት እንደሚችሉ፣ ያም ፍለጋውን እንደሚያፈጥነው አሳዩ። በኔ እይታ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የሙከራዎቹ ዓይነት ስለሚለያይ ነው። ፍለጋው ቀላልና ፈጣን ሲሆን መጎተቱ ይታያል፣ ሲከብድና ሲረዝም ሰው ራሱን የሚቆጣጠርበት ጊዜ ያገኛል። ክርስቲያን ኦሊቨርስም ዒላማው በየዙሩ ሲቀያየር መጎተቱ እንደሚጠፋ አይቷል፣ ምክንያቱም ዒላማው ራሱ በአእምሮ ውስጥ የፊተኛዋን ቦታ ይወስዳል።

ኦሊቨርስና ባልደረቦቹ በ2011 ከዚሁ ተነስተው፣ ሶስት አራት ነገር ብንይዝም ዓይንን የሚመራው ግን በሰዓቱ ከፊት ያለው አንዱ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ተጠባባቂ ናቸው አሉ። ቫሌሪ ቤክ፣ አንድሩ ሆሊንግወርዝና ላክ በ2012 ደግሞ ሁለት ቀለም ባንዴ ሊመራ ይችላል አሉ፣ ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም።

የያዝነው ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እንደሞላም ለውጥ ያመጣል። በ2001 ጃን ደ ፎከርት፣ ኒሊ ላቪና ባልደረቦቻቸው ሰዎች የታዋቂ ሰው ስም አንብበው እንዲመድቡ፣ ከጎኑ ያለውን ፊት ግን እንዲተዉት አዘዙ፣ በአእምሯቸው የሚይዙት ቁጥር በተራ ሳይሆን በየጊዜው ሲዘበራረቅ ፊቱ ይበልጥ ይረብሻቸው ነበር። በዚያው ዓመት አንድሩ ኮንዌይ፣ ኔልሰን ኮዋንና ማይክል ባንቲንግ ሰዎች በአንድ ጆሮ የሚሰሙትን እየደገሙ በሌላው ጆሮ የራሳቸው ስም ሲጠራ ይሰሙ እንደሆነ ፈተሹ፣ የዎርኪንግ ሜሞሪ አቅማቸው ዝቅ ካለው 65 በመቶ ሰምተዋል፣ ከፍ ካለው 20 በመቶ ብቻ። ስምህ ሲጠራ ያልሰማኸው ስለደነቆርክ አይደለም እንግዲህ።

ሌላ ነጥብ፣ አንድ ዒላማ ደጋግመን ከፈለግነው ዎርኪንግ ሜሞሪ ውስጥ አይቆይም። ናንሲ ካርላይልና ባልደረቦቿ በ2011 የአንጎል ኤሌክትሪክ ምልክት እየለኩ ይሄን ሲያሳዩ፣ ያው ዒላማ በተከታታይ ሲመጣ ምልክቱ በጥቂት ዙር ውስጥ እየቀነሰ ሄዶ ነበር፣ ሥራውን የረጅም ጊዜ ትውስታ እየተረከበው ነው ማለት ነው።