የቤዝቦል ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) «ጀመረ» ተብሎ የሚቆጠርለት መቼ ነው

ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን የቤዝቦል ስታት ስናይ ልጆቹ ሁሌ «ጂ» (G) እና «ጂኤስ» (GS) ላይ ይጨቃጨቃሉ። ጂ ፒቸሩ የተሰለፈበት ጨዋታ በሙሉ ነው፣ ከመጀመሪያም ይግባ ተቀይሮ፤ ጂኤስ ደግሞ ለቡድኑ የመጀመሪያ ፒቸር ሆኖ የጀመረው ብቻ፣ አንድ ባተር (ኳሱን የሚመታ ተጫዋች) አስወጥቶ ቢቀየር እንኳ ይያዝለታል። ሁለቱን እንዳትደምሩ፣ ጂኤስ ጂ ውስጥ ነው ያለው። ፒቸሩን ሰርጂዮ ሮሞን እዩት፣ በፈረንጆቹ 2018 ለታምፓ ቤይ ቡድን ጂ 73፣ ጂኤስ 5፣ በቃ 68ቱን ተቀይሮ ነው የገባው ማለት ነው። ግንቦት ላይ «ኦፕነር» (ጨዋታውን ከፍቶ ቶሎ የሚቀየር ፒቸር) ብለው ሁለት ቀን በተከታታይ አስጀምረውት አንድ ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ምናምን ወርውሮ ወጣ፣ ሁለቱም ጂኤስ ሆነውለታል (ለኔ ትንሽ ማጭበርበር ይመስላል)። ዊን (ለፒቸሩ የሚመዘገብለት ድል) ግን እንደዚህ አይገኝም፣ ጀማሪው በመደበኛ ጨዋታ ቢያንስ 5 ኢኒንግ መወርወር አለበት።