ሳላማንካ፦ በወርቃማ ድንጋይ የታነጸችው የዩኒቨርሲቲ ከተማ

ሳላማንካ ከማድሪድ በስተ ሰሜን ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ቶርሜስ በሚባል ወንዝ ዳር፣ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የስፔን ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋን በ1218 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሌዮን ንጉሥ አልፎንሶ 9ኛ መሠረተው፤ ዛሬ በስፔን ከሚሠሩት ዩኒቨርሲቲዎች በዕድሜ የሚቀድመው የለም። አሮጌው ከተማ በ1988 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከተማዋን ከሌሎች የሚለያት ቀለሟ ነው። ድንጋዩ የሚመጣው በአጠገቧ ካለችው ከቪያማዮር ነው። ከመሬት ሲወጣ እርጥብና ለስላሳ ስለሆነ ጠራቢው እንደ እንጨት ይፈለፍለዋል፤ ሲደርቅ ይጠነክራል፤ በውስጡ ያለው ብረት ከአየር ጋር ሲገናኝ ደግሞ ወርቃማ መልክ ይይዛል። ድክመቱ ውሃ መምጠጡ ነው፤ ስለዚህ የብዙ ሕንፃዎች እግር በሌላ ጠንካራ ድንጋይ ተሠርቷል። ይህ ቀለም የሚደምቀው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ከማድሪድ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት በኋላ የሚመለስ እንግዳ ዋናውን ነገር ሳያይ ነው የሚመለሰው። ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደር ይገባል።

ባቡሩ የሚነሳው ከማድሪድ ቻማርቲን ጣቢያ ነው፤ ተጓዦች ግን ተሳስተው አቶቻ ወደሚባለው ሌላው የማድሪድ ጣቢያ ይሄዳሉ። ፈጣኑ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ አውቶቡስ ደግሞ 2 ሰዓት ተኩል ያህል። ከባቡር ጣቢያው እስከ መሃል ከተማ በእግር 20 ደቂቃ ቢሆን ነው፤ አንዳንድ ባቡሮች ላ አላሜዲያ በምትባል ለመሃሉ ይበልጥ በምትቀርብ ፌርማታም ይቆማሉ። ከአዲስ አበባ የሚነሳ መንገደኛ በቀጥታ በረራ ማድሪድ ይገባል፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ግን የሸንገን ቪዛ ግድ ነው።

የዩኒቨርሲቲው የፊት ገጽ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የተቀረጸ ነው። ጥበቡ ፕላቴሬስክ ይባላል፤ ቃሉ ብር አንጥረኛ ከሚለው የስፓኒሽ ቃል የመጣ ነው፣ ድንጋዩም በእርግጥ እንደ ብር ጌጥ ተፈልፍሏል። ሁሉም የሚፈልገው ገጹ ላይ የተቀረጸችውን እንቁራሪት ነው። በቀኝ በኩል ካለው ትልቅ ዓምድ ላይ ከፍ ብለው ሦስት የራስ ቅሎች ይታያሉ፤ እሷ ከአንዱ አናት ላይ ተቀምጣለች። ማንም ሳያሳየው ያገኛት ተማሪ ፈተና ያልፋል ይባላል። በዓይን ብቻ ትቸግራለች፤ የስልክ ካሜራ አጉልቶ መፈለግ ይቀላል። ገጹ ወደ ምዕራብ ስለሚመለከት ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ይመቻል።

ካቴድራሎቹ ሁለት ናቸው፤ አዲሱ የሚባለው እንኳ ግንባታው የተጀመረው በ1513 ሲሆን ያለቀው በ1733 ነው። በሰሜን በር ላይ የጠፈር ተጓዥ ተቀርጿል። ስለ እሱ ብዙ ተረት ይወራል፤ እውነቱ በ1992 እድሳት ጊዜ የተጨመረ መሆኑ ነው። ይልቅ ጊዜ የሚገባው የአሮጌው ካቴድራል የቅድስት ባርባራ ጸሎት ቤት ነው። የዶክትሬት ዕጩ ለፈተናው ዋዜማ እዚያ ተዘግቶበት፣ እግሩን ከአንድ ጳጳስ መቃብር ሐውልት ላይ አስደግፎ ሲያጠና ያድር ነበር። ያለፈው በዋናው በር ይወጣ ነበር፤ የወደቀው በጋሪዎቹ በር ሹልክ ይል ነበር። በየግድግዳው በቀይ ቀለም የተጻፈው «ቪቶር» የሚል ምልክት የእነዚያ አሸናፊዎች ነው፤ ቀለሙ ጥንት ከበሬ ደም ይዘጋጅ እንደነበር ይነገራል።

ዋናዋ አደባባይ ፕላዛ ማዮር ከ1729 እስከ 1755 ተሠርታለች። በዙሪያዋ ያሉት ካፌዎች ዋጋ ከጎን መንገዶቹ ይወደዳል፤ አንድ ቡና ጠጥቶ፣ ለምግብ ቫን ዳይክ ወደሚባለው መንገድ መሄድ ያዋጣል። ምሳ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ላይ፣ እራት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው፤ በመካከሉ ብዙ ወጥ ቤቶች ይዘጋሉ። ኦርናሶ የሚባለው የአገሩ ቂጣ ውስጡ ቋሊማ፣ የአሳማ ሥጋና እንቁላል ስላለበት፣ የሚጾምም ሆነ አሳማ የማይበላ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ለምሽቱ ደግሞ በሮማውያን ድልድይ ወንዙን መሻገር ነው። ከ26 ቅስቶቹ ለከተማው የሚቀርቡት 15ቱ የሮማውያን ናቸው፤ የቀሩት ከ1626ቱ ጎርፍ በኋላ እንደገና የተሠሩ። ማዶ ሆኖ ዞር ሲሉ ካቴድራሉ በመብራት ቢጫ ሆኖ ይታያል። በስፔን በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ቀን የሚያቃጥለው አየር ማታ ስለሚበርድ ጃኬት መያዝ አይዘንጋ።